ደብተሩ ላይ ነበር

ሰሞኑን አንዲት ወጣት፣ ገና ሥራ የጀመረች የሒሳብ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ዳያሪ መጻፍ ልጀምር ነው፤ ምን ዓይነት ደብተር ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። የቆዳ ሽፋን፣ የላስቲክ ማሰሪያ፣ ገጽ መያዣ ክር፣ ሁሉ ነገር አለው። ዋጋውን ነገረችኝ። ዝም አልኩ። ዋጋው አስደንግጦኝ ብቻ አይደለም፤ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ ለገሀር የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር ማስታወሻውንም ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ ይጽፈዋል። ደብተሮቹ ኮት ኪስ የሚገቡ ትንንሽ ነበሩ፤ ሽፋናቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው ቀይ። የሚገዛቸው ፒያሳ፣ ከአንድ አርመን ሱቅ ነው። ያኔ ፒያሳ የአርመን፣ የግሪክና የጣሊያን ሱቅ ሞልቶበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ይዞኝ ይሄዳል። እሱ ወረቀቱን በጣቱ ያሻል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያሸታል። ባለ ሱቁ ይስቅበታል። እኔ ቶሎ ጨርሶ ኬክ ቤት እንዲወስደኝ እግሬን እያቀያየርኩ እቆማለሁ።

ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፍና ይዘጋዋል። አንዴ «አባባ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አልኩት። «ቀኑን» አለኝ። በቃ።

በደርግ ጊዜ፣ መጋቢት 1969፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። እናንተ በታሪክ መጽሐፍ ታውቁት ይሆናል። ያኔ ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። በራሪ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ፣ የስም ዝርዝር፣ ምን እንደሚያስጠረጥር የሚያውቅ የለም። ወሬው ሰፈራችን ሲደርስ እናቴ «ከዚህ ቤት ወረቀት የሚባል ነገር እንዳላይ» አለች። አባቴ አልተከራከረም። ከአልጋ ሥር ሣጥኑን ስቦ አወጣና ደብተሮቹን ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ያን ያህል ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

እናቴ በዚያ ሌሊት ምጣድ ጣደች። ጭሱ ለጎረቤት የእንጀራ ጭስ እንዲመስል ነው። እሷ ትጋግራለች፤ እኔ ከሥር የአባቴን ደብተር እማግዳለሁ። ሽፋኑ ሲቃጠል ይሸታል ብላ ሽፋን ሽፋኑን አስገነጠለችን፤ የተገነጠለው ሽንት ቤት ተጣለ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያል። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያልተጻፈበትን ገንጥላችሁ አስቀሩት። ልጁ ይማርበታል።»

እየማገድኩ ጥቂት መስመር አነበብኩ። «ዝናብ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ዘገየ።» «በርበሬ ተወዷል።» «ለልጁ ጫማ ተገዛ፤ ሰፋው፣ ግን ያድግበታል።» «የባለቤቴ እህት መጣች። ቶሎ የምትሄድ አይመስልም።» ይህችን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። እናቴ ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ አልነገርኳትም። በዚያ ሌሊት የሳቀ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፈታሾቹ መጡ። ፍራሽ አነሱ፣ ኮርኒሱን በዱላ ነካኩ፣ የእኔን የሒሳብ ደብተር ገለጥ ገለጥ አድርገው ሄዱ። የአባቴን ቢያገኙት ምን ያደርጉ ነበር? እናቴ እስክትሞት ድረስ «ፈረንሳይኛውን ሚስጥራዊ ጽሑፍ ነው ይሉት ነበር» እያለች ትሟገታለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። እሷን አልወቅስም። የሚቆጨኝ ባቡር የዘገየበትን ቀን እንኳ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሰው ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ አለማንሳቱ ነው።

በ1978 ሥራ ስቀጠር ፎርሙ ላይ የትውልድ ቀን ሙላ ተባልኩ። ቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅሁት። «ደብተሩ ላይ ነበር» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። እናቴ የጥምቀት ሰሞን መሆኑን፣ ያለወቅቱም ዝናብ መዝነቡን ታስታውሳለች። ቀኑን ግን አታውቅም። እኔም መስከረም 1 ብዬ ሞላሁ። የስንቱ የእኔ ዘመን ሰው ፋይል ላይ ያለው ቀን ይሄው ነው። ጡረታ ስወጣም በዚያው ተቆጠረብኝ። የሒሳብ ሰው ነኝና አሰላሁት፤ የአራት ወር ደመወዝ ገደማ ቀርቶብኛል።

ፎርሙን በሞላሁበት ሰሞን ነው እኔም መጻፍ የጀመርኩት፣ ከመሥሪያ ቤት በተሰጠኝ አጀንዳ ላይ። መጀመሪያ እንደናንተ ስለ ሕይወት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ አገር ጻፍኩ። ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነው። ሳይሰለቸኝ የማነበው ሌላውን ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ላይ «ከቤት አልወጣሁም። ሻማ አልቋል» ይላል። ነፋስ ስልክ የጥይት መጋዘኑ በፈነዳበት በግንቦት 27 ደግሞ «ከእንቅልፍ የቀሰቀሰን ፍንዳታው ነው። የሳሎኑ መስታወት ረገፈ። መስታወት ቆራጭ ማግኘት አይቻልም» ይላል። ይህን ሳነብ ያ ማለዳ እንዳለ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ምን ተሰማኝ ከማለታችሁ በፊት ምን ሆነ፣ ስንት ነበር፣ ማን መጣ በሉ። የዘንድሮ ልጆች ስለ ስሜታችሁ መጻፍ ትወዳላችሁ። ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ የማመሰግንባቸው አምስት ነገሮች» ብሎ መዘርዘርም ፋሽን ሆኗል። ምስጋና ጥሩ ነው። ግን ያንን ዝርዝር ከሃያ ዓመት በኋላ ብታነቡት ሽንኩርት በስንት እንደገዛችሁ አይነግራችሁም። ፒያሳ በ2016 ስትፈርስ የስንቱ ሰው ሱቅና ሰፈር አብሮ ሄደ። ከማን ቤት ቀጥሎ ማን እንደነበር የጻፈ ካለ ዛሬ ሀብታም ነው።

ልማዱ እንግዳም አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ባሉ የብራና ወንጌሎች ባዶ ቅጠልና ህዳግ ላይ የመሬት ስጦታ ይመዘገብ ነበር። በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ልጅ የተወለደበትን ቀን የሚጽፍ አባወራም ነበረ። ቀለሙ ከጥላሸት ስለሚሠራ አይደበዝዝም፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ማንኛውም ደብተር ይሆናል። ተማሪ የሚጽፍበት ተራው ደብተር ይበቃል፤ እንዲያውም ውዱን ስትገዙት ማበላሸት ትፈሩና መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔ ራሴ ያልተጻፈባቸው ቆንጆ አጀንዳዎች አሉኝ፤ ለምን እንደማስቀምጣቸው አላውቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር። እስቴሽነሪ ቤት ስገባ ልክ እንደ አባቴ ወረቀት አሻሻለሁ። እናም ከገዛችሁ አይቀር በሙጫ ብቻ የተጣበቀውን ተዉትና በክር የተሰፋውን ፈልጉ፤ ስትገልጡት ዝርግት ብሎ ይተኛል፣ ገጹም አይረግፍም። ቀለም በሚሞላ ብርዕ የምትጽፉ ከሆነ ቀለሙ ውኃማ ስለሆነ ስስ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ወረቀቱ በካሬ ሜትር ቢያንስ 80 ግራም የሚመዝን ይሁን። ተራው እስክሪብቶ ቀለሙ ዘይታማና ወፍራም ነው፣ በየትኛውም ይሄዳል። ቀን የታተመበትን አጀንዳ አልመክርም። አንዳንዱ በመስከረም፣ አንዳንዱ በፈረንጆቹ ጥር ይጀምራል። ደግሞ አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ ባዶው ገጽ ይወቅሳችኋል። ቀኑን ራሳችሁ ጻፉ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። «ማክሰኞ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ኦዲተር ያናድዳል።

ደረሰኝ የምትለጥፉም አላችሁ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ወረቀት ጽሑፉ የሚታየው በሙቀት ነው፤ ውሎ አድሮ ነጭ ይሆናል። ዋጋውን ከጎኑ በእጃችሁ ጻፉት።

ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ «ሰው ቢያነብብኝስ?» ብላኝ ነበር። በዚህ ላይ ምክር መስጠት ይከብደኛል፤ የእኛ ቤት ታሪክ ያው ነው። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ለዓመታት የሰው ስም በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ስጽፍ ኖርኩ። ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር። የ1979ኙ አጀንዳ ላይ «ተ. ቢሮ መጣ። 50 ብር ተበደረ፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል» የሚል አለ። ያኔ 50 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወደፊት ያሉትን ገጾች በሙሉ ፈትሻለሁ፤ የከፈለበት ቀን የለም። ተስፋዬ ይሁን፣ ተክሉ ይሁን፣ ታደሰ ይሁን ለማወቅ አልቻልኩም። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሦስቱንም እየጠረጠርኩ ነው።