መጽሐፉ አለ፣ ግን አይገኝም

የአንባብያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከሚያገለግሉ ቤተ መጻሕፍት የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። መልሱን ያዘጋጁት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍታችን 2,300 ያህል መጻሕፍት አሉት፤ ግማሹ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። የተደረደሩት በቁመታቸው ነው። በሁለት ፈረቃ ስለምንሠራ ተማሪው የጠየቀኝን ፈልጌ እስካገኝ ደወል ይደወላል። በሙያው አልሠለጠንኩም። ከምን ልጀምር? (የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በመጀመሪያ የመማሪያ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያው ያውጡ። በክፍልና በትምህርት ዓይነት ታስረው ለብቻቸው ይቀመጡ። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሲሆኑ ብዛታቸው ስለተመዘገበ አንድ በአንድ ካታሎግ (የመጻሕፍት መዝገብ) ውስጥ ማስገባት ትርፍ ድካም ነው። የቀረው 1,150 መጽሐፍ ነው። ሁለት ሰው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ በቀን 60 ቢመዘግብ በአንድ ወር ግድም ይጨርሳል።

ለመዝገቡ እነዚህ ዓምዶች ይበቃሉ፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ከየት እንደመጣ፣ ዋጋ፣ ምድብ፣ ምርመራ። የጠፋ መጽሐፍ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፤ ምርመራው ላይ «ጠፍቷል» ተብሎ በቦታው ይቀራል። ማኅተሙን በርዕስ ገጹ ላይና ሁልጊዜ በአንድ በተወሰነ ገጽ፣ ለምሳሌ በገጽ 21፣ ይምቱ። የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥሎ ቢመጣ እንኳ የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ለአመዳደቡ ዲዊ የተባለው የአሥርዮሽ ሥርዓት ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ ያህል መጽሐፍ ከሦስት አኃዝ አይለፉ። 300 የኅብረተሰብ ጉዳዮች፣ 400 ቋንቋ፣ 500 ሳይንስ፣ 600 ጤናና ቴክኖሎጂ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይውላል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ግን እንደ ዲዊ ካሄዱ 892.87 ላይ ይወድቅና አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ለ13 ዓመት ልጅ ይህ ምንም አይነግረውም። ልብ ወለድን ከቁጥሩ ያውጡትና «ል» የሚል ምልክት ሰጥተው በደራሲው ስም ፊደል ይደርድሩት።

ምልክቱ ከመጽሐፉ ጀርባ የታችኛው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለጠፍ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ከዋለ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። ጀርባ የሌላቸው ቀጫጭን መጻሕፍት በፊት ሽፋናቸው ግራ ታችኛ ጥግ ላይ ይለጠፍባቸዋል። በቀለም ብቻ መለየት ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን መስኮት አጠገብ ያለው ቀይ በጥቂት ዓመት ብርቱካንማ ይሆንና ከጎረቤቱ ጋር ይምታታል። ቀለም ካስገቡ ቁጥሩም አብሮ ይኑር። ከእያንዳንዱ መደርደሪያ ሩቡን ባዶ ይተዉ፤ ጢም ብሎ የተሞላ መደርደሪያ አንድ አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር አምስት ረድፍ ያስገፋል።

አሁን ዋናው ችግር ጋ ደረስን፤ የራሳችን ፊደል። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ» ብሎ ስሙን ያሳትማል። በፊደል ተራ ሲደረደሩ አንዱ ስም ሦስት ቦታ ይበተንና ተማሪው አንዱን አይቶ «የለም» ብሎ ይወጣል። ለመደርደር ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ያስጠጓቸው። በመዝገቡ ላይ ግን ስሙ ደራሲው እንዳሳተመው ይጻፍ፤ የእርሱን ፊደል ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። ኮምፒዩተር ካለዎት በኤክሴሉ ላይ «የመደርደሪያ ስም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረው የተስተካከለውን እዚያ ይጻፉ።

«ገብረ መድኅን» እና «ገብረመድኅን» እንደ አንድ ቃል ይቆጠሩ። ዶክተር፣ አቶ፣ ፊታውራሪ የሚሉት ማዕረጎች በመደርደር ጊዜ አይቆጠሩም። ደራሲው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው፤ በአባቱ ስም አይደለም። አንዳንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየቆጠሩ ስለሚገለብጡት፣ ካታሎጉን በእነርሱ የምትሠሩ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል የሶሻል መምህር ነኝ፤ በአንድ ክፍል 58 ተማሪዎች አሉኝ። «ስለ አዋሽ ወንዝ ጽፋችሁ አምጡ» ስላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ገልብጠው ያመጣሉ። አሁን ደግሞ ከቻትጂፒቲ ያመጡ ጀምረዋል። የላይብረሪው ሠራተኛ ሊረዳኝ ፈቃደኛ ነው። ምን እናድርግ? (መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጥፋቱ ከርዕሱ ይጀምራል። «ስለ አዋሽ» ማለት ገልብጡ ማለት ነው፤ የሚገለበጥ ዝግጁ ጽሑፍ አለውና። «አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው ለምንድን ነው? በመንገዱስ ማን ምን ይጠቀምበታል?» ቢሏቸው ልጁ ካርታ ማየት ይኖርበታል። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ የወንጂንና የአፋርን እርሻዎች አጠጥቶ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ ለማወቅ ካርታውንም መጽሐፉንም መግለጥ ግድ ነው። ሁሉን በአንድ አንቀጽ ሰብስቦ የሚሰጠው መጽሐፍ በቀላሉ አያገኝም።

ሥራው አራት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ ይፈልጋል። ከአንድ ሳምንት በፊት ጥያቄዎቹን ለላይብረሪው ሠራተኛ ይስጡት፤ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት፣ አትላሶችና መጽሔቶች አውጥቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያቆያቸው፤ እስኪያልቅ በውሰት አይወጡም። ይህ ካልተደረገ 58 ልጅ በሦስት መጽሐፍ ላይ ይጋፋና ክፍለ ጊዜው በጫጫታ ያልቃል። ክፍሉን በስድስት ቡድን ከፍለው ለየቡድኑ የተለየ ጥያቄ ይስጡ፤ አዋሽ፣ ኦሞ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ተከዜ እያሉ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጥያቄውንና የመፈለጊያ ቃላቱን ይጻፉ። ቢያንስ ስምንት ቃል፦ አዋሽ፣ ቆቃ፣ ግድብ፣ መስኖ፣ አፋር፣ አቤ ሐይቅ እያለ ይቀጥላል። እዚህ ላይ የፊደሉ ነገር ይመለሳል። ኢንተርኔት ላይ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ብሎ መፈለግ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም፤ «አዋሽ»፣ «የአዋሽ»፣ «በአዋሽ» እንዲሁ። ልጆቹ አንዱን ቃል በሁለት ሦስት አጻጻፍ መሞከር ይልመዱ። በቴሌግራም የሚዞረው የአማርኛ ፒዲኤፍ ብዙው በፎቶ የተነሣ ስለሆነ ውስጡን በቃል መፈለግ አይቻልም፤ ቃሉ «አልተገኘም» ሲል መጽሐፉ ስለ ጉዳዩ አያወራም ማለት አይደለም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጋሉ። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ከኋላቸው የቃላት ጠቋሚ (የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር) ስለሌላቸው የምዕራፍ ማውጫውን አይቶ፣ የምዕራፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ አንቀጽ አንብቦ መወሰን መማር አለባቸው። ጊዜ ከተረፈ አንድ ቡድን ለአንድ መጽሐፍ የ20 ስሞች ጠቋሚ ሠርቶ ከሽፋኑ ውስጥ ይለጥፍ። ጠቋሚ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር የለም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆችም ይተርፋል።

ሦስተኛው የማስታወሻ ነው። ኤ4 ወረቀት በአራት ይቆረጥ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ፤ ከላይ የመጽሐፉ ርዕስና ገጽ፣ ከታች መጽሐፉን ዘግተው በራሳቸው ቃል የጻፉት። መዝጋቱ ቀልድ አይደለም፤ ተከፍቶ ከተቀመጠ እጅ ዓይንን ይከተላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት ካርድ፣ ቢያንስ ከሁለት ምንጭ።

በአራተኛው ካርዶቹን ደርድረው አንድ ገጽ ይጻፉ። ከ20 ነጥቡን ሲያከፋፍሉ ለጥያቄውና ለመፈለጊያ ቃላቱ 5፣ ለካርዶቹ 8፣ ለጽሑፉ 4፣ ለምንጭ አጻጻፉ 3 ይስጡ። የገለበጠ ልጅ ካርድ የለውም፤ ስለዚህ ቢያምርም ከ20 ብዙ አያገኝም። ለቻትጂፒቲም አንድ ሕግ ይበቃል፦ ማሽኑ የጠቀሰው መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ገጹ ካልታየ፣ እንዳልተጠቀሰ ይቆጠራል። ያልተጻፈ መጽሐፍ ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ስለሚጠቅስ፣ ልጆቹ መደርደሪያው ላይ ፈልገው ሲያጡት ትምህርቱ ራሱ ይገባቸዋል።

ምንጮች ሲጋጩ አትደንግጡ፤ ግጭቱን አስተምሩበት። አንዱ መጽሐፍ ክልሎች 9 ናቸው ይላል፣ ሌላው 10፣ ሌላው 12። ሁሉም በታተሙበት ጊዜ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክልል ሆነዋልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መቼ ታተመ?» ነው። ዓመቱ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ካልተገኘ በመቅድሙ መጨረሻ ይፈለጋል። «ማተሚያ ቤት» የሚለውን አሳታሚ አድርገው እንዳይጽፉም ይጠንቀቁ፤ ያ ወረቀቱን ያተመው ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ዓድዋ በአንዱ 1888፣ በሌላው 1896 ሲሆን «አንዱ ተሳስቷል» ይላሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 አንድ ቀን ናቸው። የእኛን ዓመት ወደ እ.ኤ.አ. ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ደግሞ 8 ይደመርበታል። በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ዓመት በካርድ ላይ ነጥብ አያሰጥም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ያጠፋ ተማሪ ምን ይደረግ? ገንዘቡን የሌለው ልጅ ጭራሽ መምጣቱን ተወ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቅጣቱ መጽሐፉን ሳይሆን አንባቢውን ካሳጣችሁ ኪሳራ ነው። ወይ ተመሳሳይ መጽሐፍ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ያምጣ፤ ወይም ወላጅ ፈርሞ በምርመራ ዓምዱ ይመዝገብ። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ማንበቡ ግን አይከልከል።

ጥያቄ፦ መደርደሪያችንን ምስጥ እየበላው ነው፤ ያረጁ መጻሕፍትም ሞልተውናል። መጣል ይቻላል? (ርእሰ መምህርት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ መደርደሪያው ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው ወለል ደግሞ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ምስጥ በግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ሠርቶ ስለሚወጣ፣ ክፍተቱ ካለ መስመሩ ቀድሞ ይታያል፤ ከሌለ ግን የሚታወቀው መጽሐፉ ሲነሣና ውስጡ ባዶ ሲሆን ነው። በየሳምንቱ ከኋላ በባትሪ ይታይ። በስጦታ የመጣ ካርቶን መሬት ላይ አይደር። ፀረ ተባይ መድኃኒት መጽሐፍ ላይ አይረጭ፤ ልጆች ጣታቸውን አርሰው ገጽ ይገልጣሉ። የተቀደደውን በስኮች አትጠግኑት፤ ቢጫ ሆኖ ይደርቅና ወረቀቱን ይዞት ይነሣል። ቀጭን ወረቀትና ስስ ነጭ ኮላ ይሻላል።

ስለማስወገዱ፣ መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በራስ ውሳኔ አይጣልም። ዝርዝሩ ከነተራ ቁጥሩ ተጽፎ ለንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ቃለ ጉባኤው ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ለመምረጥ ፈጣን መፈተኛ ከፈለጉ፦ ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት የሚል የሳይንስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የተጻፈ ነው፤ ደቡብ ሱዳንን የማያሳይ አትላስ እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት ነው። የአገር ውስጥ ታሪክና የቆየ ልብ ወለድ ግን ስላረጀ ብቻ አይወገድ፤ አንዳንዱ ዳግመኛ አልታተመም። ካረጁት አትላሶችም ሁለት ያህል ለሁለተኛው ጥያቄ ትምህርት ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ቤተሰቦች ለተወለድንበት ከተማ ትምህርት ቤት ሁለት ሺህ መጽሐፍ ሰብስበናል። እንዴት እንላክ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ከመላካችሁ በፊት መርጡ። አሥርና ከዚያ በላይ ካርቶን ሙሉ የአሜሪካ ታክስ መመሪያ፣ ያረጀ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር መጽሐፍና ከኢንሳይክሎፒዲያው የጎደለ ቅጽ መጓጓዣውን በልቶ መጋዘን የሚያጣብብ ስጦታ ነው። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሚጠቅመው ቀላል እንግሊዝኛ የሆነ የሳይንስ ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ የቅርብ አትላስ፣ የተማሪ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከአንዱ ርዕስ አምስት አምስት ቢሆን ደግሞ ለቡድን ሥራ ይመቻል፣ ከአምስት መቶ የተለያየ ርዕስ ይበልጣል። ከገንዘቡ የተወሰነውን አዲስ አበባ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ግዙበት፤ መጓጓዣውም ይቀንሳል። ኢንተርኔት የሌለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት በኮምፒዩተር ያስነብባል፤ ከነፋይሉ በሃርድ ዲስክ ሊላክ ይችላል።

ካርቶኖቹን ከማሸጋችሁ በፊት የመጻሕፍቱን ጀርባ በመደዳ ፎቶ አንሥታችሁ ለላይብረሪው ሠራተኛ ላኩለት፤ የማይፈልገውን እርሱ ይቀንስ። በየካርቶኑ ውስጥ ዝርዝሩን አስቀምጡ፤ ገቢ የሚሆነው በዚያ ነው።