«ኖ» ብሎ ያለፈው ኮንፊገር

ከጎንደር ማራኪ የጻፉልን ጠያቂ፣ የታተሙ የአማርኛ ገጾችን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ ሌፕቶኒካን (የምስል ፋይል የሚከፍት ላይብረሪ)፣ ቀጥሎ ቴሰራክትን (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም) ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አድርገዋል። ሁለቱም ያለ ስህተት አለቁ። ለቴሰራክት ፒኤንጂ ምስል ሲሰጡት ግን «ፋንክሽን ኖት ፕረዘንት» (ፋንክሽኑ የለም) ይላል። «ሊብፒኤንጂ እኮ ማሽኑ ላይ አለ» ይላሉ፤ ፒኤንጂ የሚያነበውን ላይብረሪ ማለታቸው ነው።

ቴሰራክትን አይውቀሱት፤ ምስሉን የሚከፍትለት ሌፕቶኒካ ነው። ለሌፕቶኒካ ደግሞ የፒኤንጂ፣ የጄፔግና የቲፍ ላይብረሪዎች ካሉ ጥሩ፣ ከሌሉም ይቅሩ ነው። ኮንፊገር (ከኮምፓይል በፊት ማሽኑ ላይ ያለውን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ሲያጣቸው አይቆምም፤ በዚያ ሁሉ መስመር መሃል አንዲት «ኖ» ጽፎ ያልፋል፣ በቦታቸውም ባዶ ፋንክሽን ይገባል። ያዩት መልእክት የሚመጣው ከዚያ ባዶ ፋንክሽን ነው።

ላይብረሪው አለ ያሉት እውነት ነው፤ ያለው ግን የማስኬጃው ፓኬጅ ብቻ ነው። የፋይሉ ስም በ«ዶት ኤስኦ ዶት 16» ያልቃል። ኮንፊገር ጥቂት መስመር የሲ ፕሮግራም ጽፎ ከላይብረሪው ጋር ሊንክ ለማድረግ (ለማያያዝ) ይሞክራል፤ ሊንከሩ የሚፈልገው በ«ዶት ኤስኦ» ብቻ የሚያልቀውን ስም ነው። እሱም፣ ሄደር ፋይሉም (የፋንክሽኖቹ መግለጫ)፣ ፓኬጅ-ኮንፊግ (ላይብረሪ የት እንዳለ የሚናገረው መሣሪያ) የሚያነበው የዶት ፒሲ ፋይልም የሚመጡት ለኮምፓይል በሚያስፈልገው በዴቭ ፓኬጁ ነው።

ስለዚህ ሊብፒኤንጂ-ዴቭ፣ ሊብጄፔግ-ዴቭ፣ ሊብቲፍ-ዴቭ እና ፓኬጅ-ኮንፊግ ይጫኑ። ቤት ኢንተርኔት ካስቸገረ ላፕቶፑን ይዘው ፒያሳ ካፌ ይቀመጡ፣ በአፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ) «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብለው ያውርዱና ቤት ገብተው ይጫኑት።

ከዚያ ሌፕቶኒካ ላይ ኮንፊገርን «ዊዝ-ሊብፒኤንጂ» ብለው እንደገና ያስኬዱ። ያችን ቃል ሲጨምሩ አማራጩ ግዴታ ይሆናል፤ ካጣው በስህተት ይቆማል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ሁሉም ስክሪፕት እንዲህ በደንብ አልተጻፈምና ውጤቱን በዓይንዎ ይዩ።

አሁንም «ኖ» ካለ ግምቱን ትተው ኮንፊግ ዶት ሎግን (የኮንፊገርን መዝገብ) ይክፈቱና «ፒኤንጂ» የሚለውን ይፈልጉ። የኮምፓይለሩ ቃል እንዳለ ተጽፏል፦ «ካኖት ፋይንድ» ካለ ሊንከሩ ላይብረሪውን አጥቷል፤ «ኖ ሳች ፋይል» ካለ የጠፋው ሄደሩ ነው፤ ፓኬጅ-ኮንፊግ አላገኘሁም ካለ የዶት ፒሲ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር በፒኬጂ-ኮንፊግ-ፓዝ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ያመልክቱት። ኮንፊገርን በ«ሰረዝ ሲ» አስኪደው ከነበረ ኮንፊግ ዶት ካሽን ያጥፉ፤ የድሮውን «ኖ» አስቀምጦ ይጠብቅዎታል።

ቀጥሎ ሜክ ክሊን፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል፣ በመጨረሻም ኤልዲኮንፊግ (የሲስተሙን የላይብረሪ ዝርዝር የሚያድሰው)። የሌፕቶኒካው ቨርዥን ያው ከሆነና እንደተለመደው በሼርድ ላይብረሪ ከተያያዘ ቴሰራክትን እንደገና መገንባት አያስፈልግም። «ቴሰራክት ቨርዥን» ሲሉት ከሌፕቶኒካ ስም ሥር ሊብፒኤንጂ ከነቁጥሩ መታየት አለበት።

ለአማርኛ ሞዴል የማሰልጠን ሐሳብ ካለዎት ደግሞ የቴሰራክትን ኮንፊገር የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ። ከላይብረሪዎቹ ፓንጎ፣ ካይሮ ወይም አይሲዩ ከጎደለ የማሰልጠኛ መሣሪያዎቹን ትቶ ዋናውን ብቻ ይገነባል።