ያገለገለ የዲጄ ሚክሰር ልገዛ ነው ላልከው ወንድም

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በላፕቶፕ ሠርግ ትሠራለህ፤ አንድ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ፓዮነር ዲጄኤም 800 የሚባል ሚክሰር (ዘፈኖችን የሚያቀላቅል መሣሪያ) ልሽጥልህ ብሎሃል፤ ሌላው ደግሞ በተቀራራቢ ዋጋ ባለሁለት ቻናሉን ዲጄኤም 250 ማርክ 2 ይዞ እየጠበቀህ ነው። የቱን ልውሰድ፣ ስገዛስ ምን ምኑን ልይ ነው ያልከው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ፣ መልስና ልደት፣ አልፎ አልፎም ክለብ ስሠራ ቆይቻለሁ። እስካሁን አምስት ያገለገሉ ሚክሰሮች ገዝቻለሁ፤ ሁለቱ ጥሩ ወጡልኝ፣ ሁለቱ እንደነገሩ ነበሩ፣ አንዱ አንድ ቀን እንኳን ሳይሠራልኝ ተቃጠለ።

ከተቃጠለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ያንተም ከአሜሪካ የመጣ ነው። የኔን ዘመዱ በሻንጣ ያመጣለት ልጅ ነበር የሸጠልኝ። ቤቱ ሄጄ አየሁት፣ ሞከርኩት፣ ድምፁ ግሩም ነው። የተሰካው አንድ ከባድ ጥቁር ሳጥን ላይ ነበር። እኔ ስታቢላይዘር ነው ብዬ ንቄ አለፍኩት። ቤቴ ይዤው ገባሁ፣ ቀጥታ ዲቫይደር ላይ ሰካሁት፣ ማብሪያውን ስጫን ጧ! አለ። ከዚያ ያ የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ። ለካ ሳጥኑ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ኖሯል። ልጁ ስደውልለት "እሱ ከሽያጩ ውስጥ አልነበረም" አለኝ። ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ ግን የሚክሰሩ ጀርባ ላይ 120 ቮልት የሚል በግልጽ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩም።

ስለዚህ ሚክሰሩን ገና ሳታበራው ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120፣ የጃፓን 100 ቮልት ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም። ዲጄኤም 800 ግን ለአሜሪካ ገበያ የወጣው 120 ብቻ ነው፤ ለአውሮፓ የወጣው ነው ከ220 እስከ 240 የሚለው። 120 ሆኖ ከተገኘ አትግዛ አልልህም፤ ሚክሰር ብዙ ኃይል ስለማይበላ መካከለኛ ትራንስፎርመር ይበቃዋል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሠርግ ላይ ዕቃ የምትዘረጋው አንተ ብቻ አይደለህም። ረዳት አለ፣ የአዳራሹ ልጅ አለ፣ በመሀል መብራት ይጠፋና ጄኔሬተር ይነሳል፣ ያኔ አንዱ ሊረዳህ ብሎ ሶኬቱን ነቅሎ ያገኘው ቦታ ላይ ይሰካልሃል። እኔ አሁን ባለ120 የሆነ ዕቃ ካለኝ ገመዱን ከትራንስፎርመሩ ጋር በቀይ ፕላስተር ጠቅልዬ አስሬ ነው ይዤው የምሄደው።

ቀጥሎ ፌደር፣ ማለትም ድምፅ የምትጨምርበትና የምትቀንስበት ተንሸራታች ቁልፍ። ብዙ ሰው ሊገዛ ሲሄድ ክሮስፌደሩን (ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን አግድም ፌደር) ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጎ "አሪፍ ነው" ይላል። የኛ አገር የሠርግ ዲጄ ግን ክሮስፌደር ብዙም አይነካም፤ የሚያልቁት ቁም ፌደሮቹ ናቸው፣ በተለይ ሁልጊዜ የሚሠራባቸው መሀለኞቹ ሁለቱ። ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የራስህን ሄድፎን አድርገህ፣ አንድ ዘፈን ከፍተህ እያንዳንዱን ፌደር ከታች ወደ ላይ በጣም በዝግታ ውሰደው። ቅሽቅሽ ካለ ወይም ድምፁ መንገድ ላይ ዘሎ ከመጣ ልብ በል። ከዚያ ፌደሩን ጨርሰህ ዝጋና የማስተሩን (የዋናውን መውጫ) ድምፅ ከፍ አድርግ። ዘፈኑ ከሩቅ እንደሚሰማ የጎረቤት ሬዲዮ ሾልኮ ከመጣ ፌደሩ አልቋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሻጩ "አቧራ ነው፣ በስፕሬይ ይጸዳል" ይልሃል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንተ ከመምጣትህ በፊት የበር ማጠፊያ የሚለሰልስበትን ዘይታማ ስፕሬይ ነፍቶበታል፤ ለሁለት ሳምንት እንደ ቅቤ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና ከበፊቱ ይብሳል። ፌደሩ አጠገብ አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትት፣ አትፈር።

ማሽተት ካልኩ አይቀር የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹንም አሽትት። ቢራ የፈሰሰበት ዕቃ ይታወቃል፤ ቁልፎቹ ሲጫኑ ይጣበቃሉ። የጭስ ማሽን አጠገብ የኖረ ደግሞ ላዩ ላይ የሚያዳልጥ ነገር አለው። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ከተበላ ተከፍቷል ማለት ነው፤ መከፈቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ማን እንደከፈተውና ምን እንደተቀየረ ግን ጠይቅ።

አብርተኸው ወዲያው "እሺ" እንዳትል። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይብራ። የላላ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ነው አንዱን ቻናል የሚያጠፋው። ሻጩ ቡና ካፈላልህ ተቀመጥ። ካፌ ላይ እንገናኝ ካለህ ግን እምቢ በል፤ ካፌ ውስጥ ሚክሰር አይሞከርም። የሄድፎኑን ጃክ ሰክተህ በትንሹ ነቅነቅ አድርገው፣ አንዱ ጆሮ ከጠፋ ላልቷል። መውጫዎቹን ሁሉ ሞክር፤ ማስተሩ በኤክስኤልአር ገመድ ብቻ ሳይሆን በአርሲኤ ገመድም፣ ቡዝ (ዲጄው ራሱ የሚሰማበት ስፒከር መውጫ) ካለውም ቡዙ። ምንም ሳይከፈት ማስተሩን ከፍ ስታደርግ "እምም" የሚል ድምፅ ከሰማህ ሌላ ሶኬት ላይ ደግሞ ሞክረው፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የቤቱ መስመር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ዲጄኤም 800 የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ በጊዜው ክለብ ሁሉ እሱን ነበር የሚፈልገው፣ እጅ ላይ ያለው ስሜትም አሁን ድረስ ደስ ይላል። ግን ውስጡ ሳውንድ ካርድ (ከላፕቶፕ ድምፅ የሚቀበል ክፍል) የለውም። አንተ ደግሞ በላፕቶፕ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ሁለቱን ዘፈን ለየብቻ የሚያወጣልህ፣ አራት መውጫ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከውጭ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ) ጨምረህ መግዛት አለብህ። እሱ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ገመድ፣ ሠርግ መሀል ሊነቀል የሚችል ሌላ ነገር ነው። ዲጄኤም 250 ማርክ 2 በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ሳውንድ ካርዱ ውስጡ አለ፤ በአንድ ዩኤስቢ ገመድ ታገናኘዋለህ። ከ800ው በኋላ የመጣው ዲጄኤም 900 ኔክሰስም ሳውንድ ካርድ አለው፣ ዋጋው ግን ካሰብከው በላይ የሚሄድ ይመስለኛል። የትኛውንም ብትመርጥ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት የዚያ ሞዴል ድራይቨር (ሚክሰሩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ላንተ ላፕቶፕ ሲስተም መኖሩን የአምራቹ ገጽ ላይ እይ። ከሁሉም የሚሻለው ላፕቶፕህን ይዘህ ሄደህ እዚያው ማገናኘት ነው።

"800ው ኢፌክት (እንደ ኤኮ ያለ የድምፅ ማሳመሪያ) አለው" ብለሃል። አለው፣ ያውም ደህና ደህና። ግን እስቲ ቺክቺካ ምት ያለው የጎንደር ዘፈን ላይ ኤኮ ሞክር። ኢፌክቱ የሚከተለው የሚክሰሩ የምት ቆጣሪ አራት ምት ላለው ሙዚቃ የተሠራ ነው፤ የኛን ስድስት ስምንተኛ ሲሰማ ይደናገራል፣ አንዴ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል፣ አንዴ ሌላ፣ ኤኮውም ከከበሮው ጋር ይጋጫል። እኔ እስክስታ ላይ ኢፌክት መንካት ካቆምኩ ቆየሁ። ጉራግኛው ላይ አልፎ አልፎ ፊልተር፣ በቃ። ስለዚህ ለሠርግ ብለህ ለኢፌክት ተጨማሪ ብር አትክፈል።

ማይክ ላይ ግን 800ው ይበልጣል፤ ሁለት መግቢያ አለው። ኤምሲ (መድረክ መሪው) አንዱን ይይዛል፣ ሽማግሌ ሲመርቁ ደግሞ ሌላው ያስፈልጋል። ባለአንድ ማይኩን 250 ከወሰድክ ትንሽ የማይክ ሚክሰር ለብቻ ትፈልጋለህ፤ አዳራሹ የራሱ ሳውንድ ማን ካለው ግን ማይኩን ለእሱ ትተወዋለህ፣ እኔም እንደዚያ ነው የምመርጠው። ስትሞክር ማይኩን ራሱን ሰክተህ ተናገርበት፣ ሻጮች ይሄንን ሁልጊዜ ይዘሉታል። ማይክ መግቢያው የሞተ ሚክሰር ለክለብ ሊሆን ይችላል፣ ላንተ ሥራ አይሆንም።

የኔን ፍርድ ከፈለግክ፣ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ላንተ 250ን ነው የምለው። 800ውን ውሰድ የምልህ ባለ220 ከሆነና ኢንተርፌሱ ካለህ ብቻ ነው።

ዋጋ እንድነግርህ አትጠብቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። ያው ሞዴል ያገለገለው ውጭ አገር ስንት ዶላር እንደሚሸጥ እይና ከዚያ ተነሥተህ ተከራከር። ለእያንዳንዱ የሚንኮሻኮሽ ፌደር ቀንስ ብለህ ጠይቅ፣ ይቀንሳሉ። ዕቃውን ሳታይ ቀብድ አትላክ። ሲሪያል ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ትተኸው ውጣ። ስትከፍል በባንክ ወይም በቴሌብር አድርገው፣ የሲሪያል ቁጥሩን ያካተተች አንድ ገጽ ውልም ጻፉና የመታወቂያውን ፎቶ ያዝ። ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

ለመሄድ የቆረጥክ ከሆነ መጀመሪያ ሻጩን የ800ውን ጀርባ አጉልቶ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀውና እዚሁ ለጥፈው፤ ቮልቱን አብረን እናነበዋለን።