ጨረባ ስትሄድ ቅንቅኗ ለማን ይቀራል?

መስቀል ካለፈ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወፍና ስለ ወፍ ተባይ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ጨረባ ከጣሪያችን ክፈፍ ሥር በጭቃ ጎጆ ሠርታ ጫጩቶቿን አሳድጋ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ጤፍ የሚያህሉ ቀያይ ነገሮች በግድግዳው ወረዱ፤ ልጆቼም ሌሊቱን ሲያኩ ያድራሉ። ትኋን ይሆን?»

አይመስለኝም። ትኋን ሲያድግ ምስር ያህላል። ጤፍ የሚያህለው፣ ደም ሲጠጣ የሚቀላው፣ ሲራብ የሚገረጣው የወፍና የዶሮ ቅንቅን ነው። ጠባዩ የሌባ ነው፤ ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት ይወጣል። ከዶሮ ቆጥ ሥር ተኝቶ ያደገ ሰው ይህን ማሳከክ ያውቀዋል፤ እኔ አንዱ ነኝ። ጫጩቶቹ በረው ሲሄዱ ራት የጠፋበት ቅንቅን ወደ ልጆችዎ መኝታ ወረደ። በሰው ገላ ላይ ስለማይራባ ልጆቹን መድኃኒት ከመቀባት ጎጆውን ማንሣት ይቀድማል። ውሃ አርከፍክፈው ያውርዱት፣ በውስጡ ያለውን ገለባና ላባ ያቃጥሉ፣ ስንጥቁን ይድፈኑ። በረኀብ ይሞታል ብለው አይጠብቁ፤ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ለነቀዝ የተገዛ መርዝ መኝታ ቤት ውስጥ እንዳይረጩ አደራ። ወደፊት ደግሞ ጫጩት ያለበት ጎጆ ካገኙ አይንኩት፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቢታገሡ ራሳቸው በረው ይወጣሉ።

ከመሐል ሜዳ፣ መምህር፦ «ወፎች አዲስ አገር ሄደው መራባት ሲጀምሩ ተባያቸውን ይዘውት ይሄዳሉ ወይስ ይገላገሉታል? ተማሪ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።»

ተማሪዎ የጠየቀው ሊቃውንቱም ብዙ የደከሙበትን ነው። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ወደ አዲስ አገር የገቡ 26 የእንስሳት ዝርያዎችን መረመረ፤ ወፎችም ነበሩባቸው። በትውልድ አገራቸው በአማካይ 16 ዓይነት ጥገኛ ተባይ ሲገኝባቸው፣ በአዲሱ አገር የተገኘባቸው 7 ብቻ ነበር። ከእነዚያም ከግማሽ በላይ የሆኑት እዚያው አዲሱ አገር የያዟቸው ናቸው።

ምክንያቱን በጨረባ ላስረዳ። በሰሜን አሜሪካ የምትፈለፍለው ጨረባ ብርዱን ደቡብ አሜሪካ ወርዳ ታሳልፋለች። በ1980 ግን ጥቂት ጥንዶች አርጀንቲና ውስጥ፣ በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር፣ ከድልድይ ሥር ጎጆ ሠርተው ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ተባዝተዋል። እንዲህ ያሉ ጥቂት መንገደኞች ምን ይዘው ይገባሉ? ቅማል ዕድሜውን በላባ ውስጥ ስለሚጨርስና ከእናት ወደ ጫጩት ስለሚጋባ፣ ከተጓዦቹ አንዷ ከያዘችው ይደርሳል፤ አንዷም ካልያዘችው ዘሩ በዚያው ይቀራል። የጎጆ ቅንቅን አብዛኛው ከአሮጌው ጎጆ ጋር ይቀራል፤ አዲሱን ጎጆ የሚወርሰው የአገሬው ወፍ ቅንቅን ሊሆን ይችላል። በደም ውስጥ ያለ ተውሳክ ደግሞ ወፏን ተከትሎ ቢገባም፣ የሚያጓጉዘው ትንኝ እዚያ ከሌለ መንገዱ ይዘጋበታል። ለተማሪዎ ይንገሩት፦ ነገሩ በወፏ ብቻ አይወሰንም፤ ተባዩ የት እንደሚያድርና በምን እንደሚሻገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ሳቢሳ ከከብቶቼ ላይ መዥገር ትለቅምልኛለች ስል፣ ጎረቤቴ መዥገሩን የምታመጣው እሷ ናት ይለኛል። ማናችን ልክ ነን?»

ሁለታችሁም በጥቂቱ። ሳቢሳ ከብት የምትከተለው በዋናነት ኮቴው ከሣር የሚያስነሣውን ፌንጣ ለመልቀም ነው፤ መዥገር ካገኘች ትበላለች እንጂ ዋና ምግቧ አይደለም። የጎረቤትዎን ነገር የሚደግፈው ታሪክ የተፈጸመው በካሪቢያን ደሴቶች ነው። በእኛም አገር በሰፊው የሚገኘው ባለ ቀለም መዥገር በ19ኛው መቶ ዘመን ከሴኔጋል በተጫኑ ከብቶች ላይ ሆኖ ጓድሎፕ ገባ፤ ከመቶ ዓመት በላይም በጥቂት ደሴቶች ተወስኖ ቆየ። ሳቢሳ በበኩሏ ከአፍሪካ አትላንቲክን በክንፏ ተሻግራ፣ በ1950ዎቹ ካሪቢያን ደርሳ መራባት ጀመረች። መዥገሩ ወደ ሌሎች ደሴቶች የተዛመተው ከዚያ በኋላ ነው። ያላደገው መዥገር በሳቢሳ ላይ ተጣብቆ ተገኝቷል፤ ምልክት የተደረገባቸው ሳቢሳዎችም ከደሴት ደሴት ሲበሩ ታይተዋል። ያልተጋበዘው እንግዳ ጋላቢ አገኘ ማለት ነው።

በሸዋ ሮቢት ግን መሐል ላይ ባሕር የለም። ከገበያ ተነድቶ የሚመጣ አንድ በሬ ከሳቢሳዋ የሚበልጥ መዥገር ይዞ ይገባል። እሷን ከማባረር የገዙትን ከብት ከመንጋው ሳይቀላቅሉ ጡቱን፣ ብሽሽቱንና ጆሮውን ይፈትሹ።

ከአንኮበር፦ «የዶሮዬ እግር ቅርፊቱ ተነሥቶ ነጣ፤ ታነክሳለች።»

ከቅርፊቱ ሥር የሚቆፍር ቅንቅን ነው። በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥበው ያድርቁትና በየጥቂት ቀኑ ቫዝሊን ደጋግመው ይቀቡት፤ ቅንቅኑ አየር ያጣል። ቅርፊቱን በጥፍር አያላቅቁ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይቀቡ። ሌሎቹ ዶሮዎች ደኅና ቢመስሉም አብረው ይቀቧቸው፤ ምልክቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው።