ለመንታ እናት መርፌ ለማዘዝ አትቸኩሉ

የማህፀንና ፅንስ ሕክምና ለመማር ለገባችሁ ልጆቼ፣

ስለ አንድ መርፌ ላውራችሁ። 250 ሚሊ ግራም ነው፣ በዘይት የተሟሟ። ወፍራም ስለሆነ ብልቃጡን መዳፌ ውስጥ ይዤ አሞቀው ነበር። እርግዝናን የሚያጸናው ሆርሞን፣ የፕሮጄስትሮን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው፤ ያለጊዜ መውለድን ይከላከላል ተብሎ በሳምንት አንዴ ይወጋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጥናት ወጣ። ቀደም ሲል ያለጊዜያቸው የወለዱ፣ አሁን አንድ ልጅ ያረገዙ እናቶች መርፌውን ሲወስዱ፣ ከ37 ሳምንት በፊት የሚወልዱት ከ55 በመቶ ወደ 36 ወረዱ። እኔም ቸኮልኩ። መንታ ካረገዙት ከግማሽ በላዩ ያለጊዜያቸው ይወልዳሉ፤ ለነሱማ እንዴት አይጠቅምም? ብዬ ማዘዝ ጀመርኩ።

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ከ18ኛው ሳምንት ጀምራ አሥራ ሦስት መርፌ ተወግታለች። በመጣች ቁጥር "ዶክተር፣ ይሄ ያቆይልኛል አይደል?" ትላለች። እኔም "አዎ"። በ31ኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሆዷ ደጋግሞ ጠነከረባት። ቤቷ ቆየች። ስትደርስ የማህፀን በሯ ተከፍቶ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት "መርፌው አለ ብዬ ነዋ" አለችኝ። የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክረው ቤታሜታዞን ሁለት ጊዜ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያውን ወጋን። ለሁለተኛው አልደረስንም። ልጆቹ ተርፈዋል፣ ግን ብዙ ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ነው የቆዩት።

በ2007 መልሱ መጣ። 661 መንታ ያረገዙ እናቶች ተጠኑ። ከ35 ሳምንት በፊት የወለዱ ወይም ፅንስ የሞተባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 41.5 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ማነጻጸሪያ መርፌ ከተወጉት 37.3። ጎዳ ለማለት ልዩነቱ አይበቃም፤ ጠቀመ ማለት ግን ጨርሶ አይቻልም። በብልት የሚገባው የፕሮጄስትሮን ጄል በ2009 በመንታ እናቶች ላይ ሲፈተንም ያው ነው። የ2003ቱ ደስታም አልዘለቀም፤ በትልቅ ጥናት ሲደገም ጥቅሙ አልታየም፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2023 የመርፌውን ፈቃድ አነሳ።

የማህፀን በሯ ርዝመት በእርግዝናው አጋማሽ 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነባት የመንታ እናት ጉዳይ ለብቻው ነው። ለእሷ በብልት የሚገባ ፕሮጄስትሮን ሊረዳ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ስለዚህ በአልትራሳውንድ ለኩ። ሳትለኩ አትዘዙ።

ዛሬም እናቶች "ታዲያ ምንም አይሰጡኝም?" ይሉኛል። ባዶ እጃቸውን መሸኘት አሁንም ያሳፍረኛል፣ ምን ልዋሻችሁ። ወረቀት አወጣና እጽፋለሁ፦ ሆድሽ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ከጠነከረ፣ ወገብሽን እየመጣ እየሄደ ካመመሽ፣ ውኃ ወይም ደም ካየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ነይ። ከስር ስልክ ቁጥር አኖራለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ራሷ እንድታነብልኝ አደርጋለሁ፣ ጮክ ብላ።