ባህሩን እስከ መቼ እንይዘዋለን? ስለ ጠረፍ ጎርፍ ለጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የባህር ዳርቻ እቅድ ነው። የአምስት ዓመት አይደለም፣ የመቶ ዓመት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አንዳንዴ ያስቀኛል። «የገባችሁን ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለምን አንዴ ትልቅ ግንብ ተሠርቶ አይገላገሉም? ችግሩ ገንዘብ ነው?

ገንዘቡም አለ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቆየ የባህር ግንብ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ወደ አሸዋው የሚያወርደውን ደረጃ እዩት። ብዙ ቦታ የመጨረሻው እርከን አሸዋውን አይነካም። አየር ላይ ቀርቷል፤ ለመውረድ መዝለል አለባችሁ። ሲሠራ ግን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

አሸዋው የት ሄደ? ሞገዱ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከሥሩ ጠርጎ ይወስደዋል። ከግንቡ ኋላ ያለው ገደል ደግሞ ድሮ በትንሽ በትንሹ እየተናደ ዳርቻውን ይመግብ ነበር። ግንቡ ያንን ቀለብ ዘጋው። አሸዋው ዝቅ ሲል ውሃው ጥልቅ ይሆናል፣ ውሃው ጥልቅ ሲሆን ትልልቁ ሞገድ ሳይሰበር ግንቡ ድረስ ይመጣል። እናንተ ከላይ ግንቡን ስታስረዝሙ ከታች መሠረቱ እየተራቆተ ነው። እኔ ግንብ ልይ ስሄድ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው።

ጥያቄ፦ «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ» የተባለው ጎርፍ ከመጣብን ገና 4 ዓመቱ ነው። እንግዲህ 96 ዓመት አረፍን ማለት ነው?

ኧረ በጭራሽ! ይህ አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል፣ ጥፋቱም የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ለማለት ነው። ባህሩ አምና መምጣቱን አያስታውስም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድላችሁ 26 በመቶ ነው። ለዚያውም የባህሩ ከፍታ ባለበት ከቆመ።

ጥያቄ፦ እቅዱ ላይ ምን ዓይነት ምርጫዎች አሉ?

በእንግሊዝና በዌልስ አሠራር አራት ናቸው፦ ያለውን መስመር መያዝ፣ መስመሩን ወደ ባህሩ ማስፋት፣ አስቦ ወደ ኋላ መመለስ፣ ወይም ጨርሶ እጅ አለማስገባት። ዳርቻው በክፍል በክፍል ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ በሦስት ዘመን ተከፍሎ ይመረጥለታል፤ ለመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት፣ እስከ 50 ዓመት፣ ከዚያም እስከ መቶ። ሰው የሚስተው ይቺን ነው። ዛሬ «ይያዛል» የተባለ ቦታ በሦስተኛው ዘመን «ይለቀቃል» ሊል ይችላል።

አከፋፈሉ አሸዋው የሚጓዝበትን መንገድ እንጂ የአስተዳደር ድንበርን አይከተልም። እናንተ አሸዋችሁን ለማስቀረት ወደ ባህሩ የድንጋይ አጥር ብትዘረጉ ታች ያለው ጎረቤት ዳርቻው ይራቆታል።

ጥያቄ፦ በ2100 ባህሩ የት እንደሚደርስ በትክክል የሚያውቅ የለም። ታዲያ ይህ እቅድ ነው ወይስ ጥንቆላ?

ደስ የሚል ጥያቄ። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባህር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከ2006 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ፍጥነቱ በአማካይ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር። ወደፊት የሚሆነው ግን ግምቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ጥሩ እቅድ «በ2070 ይህ ይሠራ» አይልም፤ «ውሃው ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ይህ ይሠራ» ይላል። የለንደኑ ወንዝ የቴምዝ 2100 እቅድ የተሠራው እንዲህ ነው። ባህሩ ከፈጠነ ሥራውን ታቀርባላችሁ፣ ከዘገየ ታቆያላችሁ።

ግን ውሃው እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። የቴምዝን የጎርፍ በር ያስወለደው በ1953 እንግሊዝንና ሆላንድን የመታው የባህር ጎርፍ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1974፣ ሥራ የጀመረው በ1982። 29 ዓመት! ስለዚህ የውሳኔው ምልክት ከአደጋው ምልክት ብዙ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ሌላው ቦታ መተው ነው። የአፈር ክትር እንደ አጥር ወደ ላይ ብቻ አያድግም። ጎኑ በግራም በቀኝም ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር የሚንጣለል ከሆነ፣ አንድ ሜትር ለመጨመር ግርጌው 6 ሜትር መስፋት አለበት። እዚያች 6 ሜትር ላይ ዛሬ ቤት ከፈቀዳችሁ፣ የልጆቻችሁን ምርጫ ዘጋችሁ። ዛሬ ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራው ትልቁ ሥራ መሬቱን ባዶ ማቆየት ነው። ምርቃት ስለሌለው ግን የሚወደው ፖለቲከኛ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ሆላንዶች እንዴት ቻሉት?

በ1953 አንድ ሌሊት 1,836 ሰው ሞተባቸው። ከዚያ በኋላ ነው ግዙፎቹ የባህር በሮች የመጡት፤ የሮተርዳም አካባቢው በ1997 ተመረቀ። ከብረቱ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ አሸዋቸው ነው። በ2011 ዘ ሄግ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አንድ ቦታ ከመሩና ቀሪውን ሥራ ለነፋስና ለሞገድ ሰጡ፤ እነሱም አሸዋውን በዳርቻው ያዳርሳሉ። ደግሞ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሳቸውን ግብር የሚሰበስቡ የውሃ ምክር ቤቶች አሏቸው። የጥገና ገንዘብ በየዓመቱ አይለመንም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ራሱ ቢሰምጥስ?

ያኔ ግንብ ብቻውን አያድንም። ጃካርታ የከርሰ ምድር ውሃ እየሳበች ትሰምጣለች። በቶኪዮም ከ4 ሜትር በላይ የሰመጠ ሰፈር አለ፤ ውሃ መሳቡ በሕግ ሲገደብ መስመጡ ጋብ አለ። የወረደው መሬት ግን አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ «አስቦ ወደ ኋላ መመለስ» ያማረ የሽንፈት ስም አይደለም?

እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበር የማስበው። በደቡብ እንግሊዝ መድመሪ የሚባል ቦታ የጠጠር ክምር ነበር፤ በየክረምቱ በዶዘር ይጠገናል፣ ባህሩ ያፈርሰዋል። መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብለው 7 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ክትር ሠሩና በ2013 የፊቱን ክምር ራሳቸው በማሽን ቀደዱት። አዎ፣ ሆን ብለው። ውሃው ሲገባና ሲወጣ ጭቃ ይጥላል፣ ጭቃው ላይ ጨው የለመዱ ሣሮች ይበቅላሉ። ያ ረግረግ ሞገዱን ያደክመዋል። በቂ ደለል ካገኘ ደግሞ ከባህሩ ጋር አብሮ ከፍ ይላል። ኮንክሪት ይህን አይችልም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው «ይለቀቃል» በተባለ ቦታ ነው። ካሳ አገኛለሁ?

አዝናለሁ፣ በእንግሊዝ ባህር በልቶት ለሚሄድ ቤት ካሳ የሚያስገድድ ሕግ የለም። በዌልስ ፌርቦርን የተባለች መንደር መከላከሉ በ2054 ሊያበቃ እንደሚችል ሲነገር፣ ውሃው ሳይመጣ የቤት ዋጋ ወረደ፣ ባንኮችም ብድር ላይ ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ካርታ ሰቅዬ ለነዋሪዎች እያስረዳሁ ነበር። አንዲት እናት መነጽራቸውን አድርገው ሰነዱን ገጽ በገጽ አገላበጡት። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ የምሄድበት ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ። ገጹ አልነበረም። ስለ አሸዋው 40 ገጽ ጽፈን ነበር። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ጥያቄ በየስብሰባው እንዲጠይቁ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ቤት ልገዛ ነው። ምን ልይ?

እቅዱን አውጥተህ ሦስተኛውን ዘመን አንብብ፤ ደላላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከዚያ ውሃው በሸሸበት ሰዓት ውረድና ደረጃውን እይ።