የጤና ጥያቄዎቻችሁ፦ «ግሉኮስ ሳይተከልለት በዱቄት ሸኙን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐይቅ አካባቢ ነው። የዓመት ከመንፈቅ ልጄን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ጤና ኬላ ወሰድኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አየችና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ሰጥታ ሸኘችን። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ነው። አማቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላቸውም። «ከተማ ቢሆን ግሉኮስ ይተከልለት ነበር። ገጠሬ ስለሆናችሁ ጨውና ስኳር አስይዘው መለሷችሁ» ይሉኛል። እውነት ነው?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ዳነልሽ። አብሽሪ፣ የድሃ ሕክምና አልተሰጠሽም። በወሎ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ስሠራ የአማትሽን ቅሬታ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። መርፌ ካልገባ ታከምኩ የማይል ሰው ብዙ ነው። ይህ ሐሳብ ልጆች ስለሚያስከፍለን ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አማትሽ የናፈቁት ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ አሮጌው ሕክምና ነው። አዲሱ ዱቄቱ ነው። በ1832 (እ.ኤ.አ.) ኮሌራ እንግሊዝንና ስኮትላንድን ሲፈጅ፣ ቶማስ ላታ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጨው ያለበት ውሃ በቀጥታ በበሽተኞች ደም ሥር መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ታካሚ አሮጊት ነበሩ። ሞቱ ሲባል ነፍስ ዘሩ። ፈሳሹ ሲቋረጥ ግን በሽታው አገረሸና ሞቱ። ላታም በዓመቱ አረፈ፤ ሥራውም ለብዙ ዘመን ተረሳ።

ታዲያ በአፍ መስጠት ለምን ያን ያህል ዘገየ? የኮሌራ በሽተኛ የጨው ውሃ ቢጠጣ አንጀቱ አይቀበለውም፤ መልሶ ያወጣዋል። ሚስጥሩ የተፈታው በ1960 ነው። ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ አንጀት ጨውንና ስኳርን አጣምሮ እንደሚያስገባ ለሳይንቲስቶች ጉባኤ አስረዳ። ጨው ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ጎረምሳ ነው። ብቻውን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም፤ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ግን ይገባል። ሽማግሌው ስኳር ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። ኮሌራም ቢሆን ይህን በር አይዘጋውም።

ልኩን ማግኘት ግን ከባድ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፒንስ ውስጥ በተደረገ ሙከራ መጠኑ ሳይስተካከል ቀርቶ በሽተኞች ሞቱ፤ ሙከራውም ቆመ። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ዳካ ላይ ተሳካላቸው። በሽተኛው በተቅማጥና በትውከት ያወጣውን እየለኩ ያንኑ ያህል አጠጡት። በደም ሥር የሚያስፈልገው ፈሳሽ በጣም ቀነሰ።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው የ1971ዱ ነው። በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኛው ወደ ሕንድ ጎረፈ፤ ኮሌራም ተከተለው። ቦንጋዎን በተባለው የድንበር ከተማ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በሽተኛው መሬት ላይ ተደርድሮ ግሉኮስ አለቀባቸው። ጨው፣ ስኳርና የመጋገሪያ ሶዳ አስመዝነው በውሃ አስበጠበጡ፤ በርሜል ውስጥ አስሞሉ። የሚያጠጡት እናቶችና ዘመዶች ነበሩ። ከመቶ ሠላሳ ገደማ ይገድል የነበረው በሽታ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት በ1978 ይህ ግኝት ምናልባትም የምዕተ ዓመቱ ዋነኛ የሕክምና እርምጃ ነው ብሎ ጻፈ። እኔ «ምናልባትም» የሚለውን አወጣዋለሁ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ገና ጀማሪ ድሬሰር ነበርኩ። በመጠለያው ግሉኮስ ቢኖር እንኳ የደረቀ ሕፃን ደም ሥር አይገኝም፤ ተሸጉጦ ይጠፋል። አንዲት እናት በጣሳ የበጠበጥንላትን ይዛ ኩራዝ አጠገብ ተቀመጠች። በማንኪያ ጠብ ታደርግለታለች። ያስታውከዋል። ትንሽ ትጠብቅና ደግሞ ጠብ። ሌሊቱን እንዲህ አነጋችው። ማታ ሲያለቅስ ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ ጠዋት ሲያለቅስ እንባው በጉንጩ ወረደ። ሐኪሟ እሷ ነበረች።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ሠራተኛዋ ቆዳውን የቆነጠጠችው እንዲሁ አይደለም። ቆዳው ሲለቀቅ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ልጁም ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ክፉኛ ደርቋል ማለት ነው። ያኔ ግሉኮስ የግድ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልክሽ ነበር። የሚጠጣ ልጅ ግን ክንዱ የሚወጋበት ምክንያት የለም። ከተማ ያለ ጎበዝ ሐኪምም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ ተባለው ቀን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ስጪው። ጡትም ምግብም አታቋርጪ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ ልጁን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲታመም ኦአርኤሱን በብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። ወፍራም ቢሆን ይበልጥ አይሠራም? ከሌለስ ለስላሳ ብሰጠው?
ከወልድያ

መልስ፦ አይሆንም፣ ሁለቱም። ከልኩ በላይ ጨው የበዛበት ወይም የጣፈጠ ነገር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡን ያባብሳል። ለስላሳ መጠጥም በስኳሩ ብዛት እንዲሁ ነው። የአንድ ሊትሩን ፓኬት በአንድ ሊትር ሃይላንድ ለኪ፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሳይጨርሰው 24 ሰዓት ካለፈ ድፊውና አዲስ በጥብጪ። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሁለት የቡና ስኒ ያህል፣ በማንኪያ ስጪው። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። ፓኬት ከጠፋ ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ጨው ነካ አድርገሽ እየሰጠሽ ጤና ኬላ ሂጂ። ደም የቀላቀለ ከሆነ ወይም የጠጣውን ሁሉ ከመለሰ ግን ቤት አትቆዪ፤ በሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ።